ተንበርክኮ ለሚሠራ፦ የጉልበት ፓድ ይጠቅማል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የራሴን ጉልበት አስታወሰኝ። «ወለል ላይ ሴራሚክ ስገጥም ውዬ ማታ ጉልበቴ ይነድዳል። ፓድ አድርጌ ሞከርኩት፣ ያው ነው። እውነት ይጠቅማል ወይስ ለታይታ ነው? ስፖንጅ ቆርጬ ብንበረከክበትስ?» ነው ያልከው። ይጠቅማል። ለምን እንዳልጠቀመህም የምገምተው ነገር አለ፣ እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ።

ፓድ ክብደትህን አይቀንስልህም፤ የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚያሰፋልህ። በባዶ ጉልበት ሴራሚክ ላይ ስትንበረከክ ወለሉን የሚነካው የጉልበትህ ሎሚና ከሱ ሥር ያለችው የቅልጥም ጉብታ ናቸው። በአንድ ጉልበትህ ላይ 30 ኪሎ አረፈ እንበል። የሚነካው ቦታ 10 ካሬ ሳንቲሜትር ከሆነ እያንዳንዷ ካሬ ሳንቲሜትር 3 ኪሎ ትሸከማለች። ፓዱ ያንኑ ጭነት ወደ 60 ካሬ ሳንቲሜትር ቢበትነው የሚደርሳት ግማሽ ኪሎ ነው። ደህና ፓድ ደግሞ መሃሉ ጎድጎድ ይላል፤ ሎሚው እዚያ ውስጥ ይቀመጥና ጭነቱን ዙሪያው ይካፈለዋል።

ሎሚው ለምን ይህን ያህል እንክብካቤ እንደሚፈልግ የተማርኩት ታምሜ ነው። በቆዳውና በሎሚው አጥንት መካከል አንዲት ቀጭን ከረጢት አለች። ሥራዋ ቆዳው አጥንቱ ላይ ሳይፈተግ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። በየቀኑ ስትጫናት ትቆጣና ፈሳሽ ትሞላለች። የኔ አንድ ጠዋት ግማሽ እንቁላል የተለጠፈበት መስሎ ነጋ፤ ስነካው ውሃ እንደተሞላ ፊኛ ወዲያ ወዲህ ይላል። ብዙም ስላላመመኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራሁበት። ጅልነት ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ ለሳምንታት እንዳልንበረከክ ከለከለኝ። አንተም እብጠት ካየህ፣ በተለይ ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ካመጣብህ፣ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ታየው። ቤት ውስጥ ወግተህ አፍስሰው የሚልህን ሰው አትስማ።

የሚገርመው ግን ያኔ ፓድ ነበረኝ! አንድ ማሰሪያ ብቻ ያለው። እየተንፏቀቅኩ ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር ፓዱ ትንሽ በትንሽ ወደ ቅልጥሜ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሎሚዬ የሚያርፈው ጎድጓዳው ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ይሆናል። ይሄ ከባዶ ጉልበት ይብሳል፣ ምክንያቱም ጭነቱ በሙሉ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ነው የሚወድቀው። እንዳይወርድ ሳጠብቀው ደግሞ ከጉልበቴ ጀርባ እጥፋቱ ላይ እየቆረጠ እግሬን ያደነዝዘዋል። አሁን የማደርገው ሁለት ማሰሪያ ያለውን ነው፤ አንዱ ከጉልበት በላይ ላላ ብሎ፣ ሁለተኛው ከእጥፋቱ ዝቅ ብሎ ባቴ ላይ። ደግሞ ቆመህ አትሰረው። ቆመህ ያሰርከው ስትንበረከክ ቦታውን ይለቃል፤ ጉልበትህን አጥፈህ ሎሚው መሃል መግባቱን አይተህ ነው መሳብ።

ሌላው ጥርጣሬዬ ፓድህ ሞቷል የሚል ነው። ስፖንጁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትህ መሃል ጨብጠው። ጣቶችህ በስፖንጁ ውስጥ የሚነካኩ ከመሰለህ፣ ወይም ስትለቀው የጣትህ ጉድጓድ እዚያው ከቀረ፣ ከውጭ አዲስ ቢመስልም አለቀለት። ጀል ያለው ቶሎ አይሞትም፣ ግን ይከብዳል፣ ያልባልም።

ፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነውን በተመለከተ፦ ጠጠርና የብረት ቁርጥራጭ ባለበት ቦታ እሱን የሚያህል የለም፤ ደልዳላ ሴራሚክ ላይ ግን ክብ ከሆነ ያንሸራትትሃል፣ ሚዛንህን ለመጠበቅ ስትታገል ጭንህና ወገብህ ይደክማል። ለኳስና ለስኬቲንግ የሚደረገው ደግሞ ለመውደቅ እንጂ ለመንበርከክ አልተሠራም። ለሥራ የሚሆኑት ላይ ኢኤን 14404 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ይገኛል፤ 0 ያለው ለደልዳላ ወለል ብቻ ነው፣ 1 እና 2 ያሉት ሹል ነገር ቢያጋጥም እንዳይወጋህ የተፈተኑ ናቸው።

ስፖንጅህንም አትጣለው። አንድ ቦታ ተቀምጠህ ጥግ ስትጨርስ ወይም መጋጠሚያ ስትሞላ ከፓድ ሊሻል ይችላል፣ እግርህን የሚያስር ነገር ስለሌለው። እየተጓዝክ ስትሠራ ግን በየደቂቃው መሳቡ ይሰለችህና ትተኸው ትሄዳለህ፤ ሁላችንም እንደዛ ነን። ፓዱንም ሆነ ስፖንጁን ከማድረግህ በፊት አራግፈው። እኔ አንዴ የምስር ፍሬ የማታህል የሴራሚክ ስባሪ ፓዱ ውስጥ ገብታብኝ ግማሽ ቀን «ፓዱ ተበላሸ» እያልኩ ዋልኩ፤ ማታ ሳወልቀው ቆዳዬ ላይ ታትማ አገኘኋት።

ፓድ የማይደርስበት አንድ ነገር ግን አለ። ተረከዝህ ላይ ቁጭ ብለህ ጉልበትህን ሙሉ በሙሉ አጥፈህ ስትቆይ፣ ውስጥ ያለው መገጣጠሚያና በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ አጥንት ይጨመቃል። ይሄ ከውስጥ ስለሆነ የቱንም ያህል ወፍራም ፓድ አያስቆመውም። መፍትሔው መነሳት ነው። እኔ ሰዓት አላይም፣ አንድ ባልዲ ማጣበቂያ ባለቀ ቁጥር እነሳለሁ፤ ረዳቴ ቀጣዩን እስኪያማታ እግሬን ዘርግቼ ትንሽ እራመዳለሁ። ስነሳም በአንድ እግሬ ረግጬ፣ እጄን ጭኔ ላይ ተደግፌ ነው።

እስቲ የፓድህን የጀርባውን ፎቶ ለጥፍልን። ማሰሪያው አንድ ከሆነ ግን ፎቶም አያስፈልገው።