ስለ ሄርድዊክ በግ ጠይቁ፤ እረኛው ይመልሳል

ሰናይት፦ ጋሼ፣ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው ተራራማ አካባቢ ግራጫ በግ ጥቁር ግልገል ስታጠባ አየሁ። ዘራቸው አንድ ነው?

እረኛው፦ አንድ ነው። ሄርድዊክ ሲወለድ ጥቁር ነው። ዓመት ሲጠጋው ፊቱ ይነጣል፣ ጠጉሩም ቡናማ ይሆናል፤ መጀመሪያ ከተሸለተ በኋላ ግራጫ ይሆናል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ፊቷ ጥቁር፣ ራሷም ቀንዳም ከሆነች ስዌልዴል የሚባለው ሌላ የተራራ ዘር ልትሆን ትችላለች።

ቢኒ፦ ተራራው አጥር የለው። እንዴት አይጠፉም?

እረኛው፦ እንዲህ ጠይቁ! ግልገሏ እናቷን እየተከተለች ከወል ግጦሹ የትኛው የእነሱ እንደሆነ ትለምዳለች፤ ስትወልድ ደግሞ ለልጇ ታስለምዳለች። ሄፍት የሚሉት ይሄንን ነው። ለዚህም ነው ተከራይ ገበሬ ሲለቅ መንጋው ብዙ ጊዜ ከእርሻው ጋር ለተተኪው የሚቀረው። በ2001 እ.ኤ.አ. አፍተግር ገብቶ መንጋ ባለቀበት ቦታ፣ ሌላ በግ መግዛቱ ቀላሉ ነገር ነበር፤ አዲሶቹ ወሰኑን እስኪለምዱ ግን እረኛ እየመለሰ መጠበቅ ነበረበት። የጎረቤት መንጋ ከሳሳም ባዶው ግጦሽ የእናንተን ይስባል። ከገበያ የገዛችሁትን በግ ተራራ ላይ አትልቀቁ።

ሰናይት፦ ጥቂት ብቻ ገዝቼ ብለቅስ?

እረኛው፦ አትልቀቂ። ከላይ ጽፌዋለሁ።

ማሙሽ፦ ቀይ ሄርድዊክም አይቻለሁ።

እረኛው፦ ለውድድር የተቀባ ነው። የቆየ ልማዳቸው ነው።

ሀብቴ፦ ሱፉ ግን ዋጋ የለውም፤ የሸላቹን ሂሳብ እንኳ አይሸፍንም።

ቢኒ፦ ምንጣፍ ይሠራበታል እኮ!

ሀብቴ፦ ይሠራበታል፤ ለገበሬው ምን ደረሰው?

እረኛው፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሻካራ ነው፣ ለምንጣፍ ይሆናል፣ ርካሽ ነው። ቀጥሉ።

አልማዝ፦ አውራው መቼ ይለቀቃል?

እረኛው፦ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ። እርግዝናው 147 ቀን አካባቢ ስለሆነ ሣሩ ብቅ ሲል፣ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ይወልዳሉ። የተገናኛት በግ ጀርባ ላይ ምልክት እንዲቀር ደረቱ ላይ ቀለም እሰሪለት፤ በየ17 ቀኑ ከፈካው ወደ ጠቆር ያለው ቀይሪ። በሁለተኛውም ቀለም የተመታች መጀመሪያ አልያዘችም ማለት ነው። ብዙዎቹ ከተደገሙ አውራው ላይ ችግር አለ፤ ሳትዘገዪ ቀይሪው።

ማሙሽ፦ ስለ እርባታ በአጠቃላይ ቢነግሩን?

እረኛው፦ የቱን? ለይተህ ጠይቅ።

ሀብቴ፦ ግማሽ ሄክታር አለኝ፤ ሁለት ልግዛ?

እረኛው፦ አንዲት በግም ብትሆን መጀመሪያ የይዞታ ቁጥር፣ ማለትም በጎቹ የሚቀመጡበት መሬት የሚመዘገብበትን መለያ፣ አውጣ። አጥርህ የበግ መረብ ይሁን፣ ከላዩም ሽቦ ጨምርበት፤ የተራራ በግ ዝላይ ታውቃለች። የከብት መኖና የከብት ማዕድን አትስጥ፤ መዳቡ ጉበቷ ላይ ይጠራቀምና አንድ ቀን በድንገት ይገድላታል።

ሰናይት፦ የከብት መኖ በትንሹስ?

እረኛው፦ ሰናይት!