ያልዘመተ ሰው ደረት ላይ ያለ ሜዳይ፦ የቅዳሜ ከሰዓት ጥያቄና መልስ

ከሁለት ሳምንት በፊት ድሬዳዋ አንድ ሰርግ ላይ አንድ ሰው ደረቱን በሜዳይ ሞልቶ ገባ። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበለት፤ የክብር ወንበር ተለቀቀለት። ማታውኑ ከሰርገኞቹ አንዱ "ይሄ ሰውዬ እኮ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፣ መቼ ዘመተ?" ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። ዛሬ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፤ ጠይቁ።

ለማታውቁኝ፦ ሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር የመገናኛ ሠራተኛ ነበርኩ። ካራማራ ነበርኩ። ላለፉት 20 ዓመታት የድሮ ጓዶቼን የጡረታ ወረቀት ሳሟላ ኖሬያለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የማንንም ስም አትጥሩ፣ የማንንም ፎቶ አትለጥፉ።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው "ኮሪያ ዘምቻለሁ" ሲል እውነቱን መሆኑን በምን ታውቃለህ?

መልስ፦ መጀመሪያ ዕድሜውን አስላ። ኮሪያ የዘመተው የኛ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ከአዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ነው። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ያኔ 18 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ 90 አልፏል። ሰባ አምስት ዓመቱ የሆነ ሰው በውጊያው ነበርኩ ካለህ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው የዘመተው ማለት ነው። ግን ተጠንቀቅ። ከተኩስ አቁሙ በኋላም ጦራችን እዚያ ቆይቷል፤ 4ኛና 5ኛ ቃኘው ሄደዋል። በኋላ የሄደ ሰው "ኮሪያ ነበርኩ" ቢል ውሸታም አይደለም። ተዋግቻለሁ ይላል ወይስ ነበርኩ ይላል? እሱን ለይ።

ሁለተኛ፣ ከየት ጦር እንደተመለመለ ጠይቀው። ቃኘው የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ነው። "ከሐረር 3ኛ ክፍለ ጦር ተመርጬ ሄድኩ" ብሎ የሚጀምር ሰው ካጋጠመህ ደጋግመህ ጠይቀው።

ሦስተኛው ለኔ ዋናው ነው። ወደ 6,000 ከሚሆኑት ዘማቾች ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተማረከ ግን አንድም የለም። አንድም! ሬሳ እንኳ ጥለው አልተመለሱም። እና አንድ ሰው እኔ ፊት ቁጭ ብሎ "ሰሜን ኮሪያ ሁለት ዓመት ታስሬ ተገርፌአለሁ" ብሎኛል። ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳ አሳየኝ። ስለ ጠባሳው ምንም አላልኩትም፤ ጠባሳ ከብዙ ነገር ይመጣል። ታሪኩ ግን ውሸት ነው። ያንን ውሸት ሲናገር የቃኘውን ትልቁን ክብር እየገፈፈ መሆኑን አያውቅም።

እግረ መንገዴን፣ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የሐረሩ ራስ መኮንን። ዘማቾቹ ጅቡቲ የወረዱትም በባቡር ነው፤ በኛው ድሬ በኩል። እናቴ ልጅ ሆና ለገሃር ቆማ እጇን አውለብልባላቸዋለች። ለዚህ ነው ይህ ነገር እኔን እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

ከአዲስ አበባ፦ ይቅርታ፣ እኚህን የሚያህሉ አባት "አንተ" ማለት ምን የሚሉት ነው? "እርስዎ" በሉ እንጂ።

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ድሬ ነው ያለኸው! እዚህ አንቱ ከተባለ የተጣላ ሰው ነው።

ሳቢያን፦ እውነቱን ነው፣ እኔ አያቴንም አንተ ነው የምለው።

መልስ፦ ቀፊራ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አንተ በሉኝ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ሸዋ በር፦ ሜዳዩን አይቶ መለየት ይቻላል? እኛ ሰፈር አንድ ሰው የኮሪያ ነው ብሎ የሚያደርገው አለ።

መልስ፦ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ከሆነ፣ ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ነው። ቁጠረው፤ 17 መስመር ነው። ለየአገሩ ጦር በየቋንቋው ነው የተሠራው። ለኛ የተሰጠው ላይ ያለው ጽሑፍ በአማርኛ ነው። አንድ ቀን ጀጎል ውስጥ አንድ ሰው ያመጣልኝ ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። ከማን እንደገዛው ጠየቅኩት፤ ዝም አለ። ደግሞ ሪባኑን በጣትህ ዳስሰው። 70 ዓመት ሳጥን ውስጥ የኖረ ሪባን እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፣ ከጀርባው በኩል ያለው ቀለም ከፊቱ ይደምቃል፣ መርፌው ዝጓል። ነገር ግን የቆየ ሪባን ስላለቀ ሐረር መኪና ግርግር ሰፈር ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ያሳደሰ እውነተኛ ዘማችም አውቃለሁ። ሪባኑ አዲስ ስለሆነ ብቻ ሰው አትክሰስ።

ዋናውን ነገር አሁን ልበለውና ዛሬ ደጋግሜ እለዋለሁ። ሜዳይ ያለው ሁሉ ዘማች አይደለም። ሜዳይ የሌለው ሁሉም ውሸታም አይደለም።

ታይዋን፦ የኮሪያ ሜዳይ ዛሬ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ አልመልስም። ቀጥሎ።

ፈረስ መጋላ፦ ስለ ካራማራስ? በኛ በኩል ኮሪያ ነኝ የሚለው ጥቂት ነው። ካራማራ ነኝ የማይል ሽማግሌ ግን የለም።

መልስ፦ ይሄ የኔ ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

የሶማሊያ ወረራ የገፋው ሐምሌ 1969 ነው። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቃች፣ አልተያዘችም። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ሐረር ወራት ሙሉ በከበባ ኖረች። ጅጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው አልልም፤ ሽማግሌ ቀን ይሳሳታል፣ እኔም እሳሳታለሁ። የማይሳሳትባቸው ነገሮች ግን አሉ። አንድ ሰው "በብሔራዊ ውትድርና ተመልምዬ ካራማራ ወጣሁ" ካለ አልወጣም። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። የካራማራ ጊዜ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ የመጣው ሚሊሺያ ነው። "ከሐረር ጦር አካዳሚ በ1974 በመኮንንነት ተመረቅኩ" የሚልም አለ። አካዳሚው በ1950 ተከፍቶ የተዘጋው የሶማሌ ጦርነት በተነሳበት ሰሞን ነው። ሌላው ደግሞ አለኝ የሚሉት የላቀ ጀግና ሜዳይ ነው። አብራሪው ለገሠ ተፈራ ኤፍ-5 የጦር ጄት እያበረረ ተዋግቶ፣ ተማርኮ፣ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስሮ ነው የተሸለመው። ይህን ሜዳይ ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በየሰርጉ ላይ የሚታይ ሜዳይ አይደለም።

ከወረቀትም ከሜዳይም ይልቅ እኔ የማምነው ወሬውን ነው። ያልነበረ ሰው ስለ ታንክ ያወራል። "ሦስት ታንክ በቦንብ አቃጠልኩ" ይልሃል። የነበረ ሰው ስለ ውሃ ያወራል። ኮዳው ውስጥ ስለቀረችው ጉንጭ ውሃ፣ ስለ ጫማው፣ ኮቾሮ፣ የወታደሩን ደረቅ ብስኩት፣ ስለሚያድለው ሰው። አንድ የሚሊሺያ ሰው ምሽግ ውስጥ አብሮት የነበረው ልጅ ሌሊት በእንቅልፉ የበሬውን ስም ይጠራ እንደነበር ነገረኝ። የበሬውን ስም እስከ ዛሬ አልረሳውም። የልጁን ስም ግን ረስቶታል፤ ለዚያ ነው ያለቀሰው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፈጥሮ አያወራም።

ገንደ ቆሬ፦ ሐሰተኛ ዘማች በምን ይለያል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ።

ገንደ ቆሬ፦ አይ በአጭሩ ማለቴ ነው።

መልስ፦ በአጭሩ የለም። በአጭሩ የፈለገ ሰው ነው ነገ ንጹሕ ሽማግሌ መንገድ ላይ የሚያዋርደው።

የጀጎል ልጅ፦ አባቴ በ1999 አረፈ። የሱን ሜዳይ የካቲት 23 እና የካቲት 26 ላይ አደርጋለሁ። እኔም ሐሰተኛ ነኝ ማለት ነው?

ሳቢያን፦ ያልሠራህበትን ለምን ታደርጋለህ? ግድግዳ ላይ ስቀለው።

የጀጎል ልጅ፦ የአርበኛ ልጆች ሁሉ ያደርጉ የለም እንዴ? የአባቴን ደም ግድግዳ ላይ ልስቀል?

ኤረር በር፦ የአርበኛ ልጅ ሌላ፣ የወታደር ልጅ ሌላ። ወታደር ደሞዝ ይከፈለው ነበር።

የጀጎል ልጅ፦ ደሞዝ? አባቴ ሲቆስል የተከፈለውን ልንገርህ?

መልስ፦ በቃ፣ በቃ። የአባቱን ሜዳይ ያደረገ ልጅ የሰረቀው ክብር የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ "የማን ነው?" ሲሉህ "የአባቴ ነው" በል። ሳይጠይቁህም ተናገር። ጭብጨባውን ለራስህ የወሰድክ ቀን ግን ነገሩ ይለወጣል። ኤረር በር፣ ደሞዝ የምትለውን ነገር እዚህ አታምጣብኝ።

ከሚኒያፖሊስ፦ እዚህ አሜሪካ ሕግ አለ። እኛ አገርስ?

መልስ፦ ያንተን አገር ልንገርህ። በፈረንጆቹ 2006 ያወጡት ሕግ ተሸልሜአለሁ ብሎ መዋሸቱን ራሱን ወንጀል አድርጎት ነበር። አንድ የካሊፎርኒያ የውሃ ቦርድ አባል ትልቁን ሜዳይ ተሸልሜአለሁ ብሎ ስብሰባ ላይ ተናገረ፤ ተከሰሰ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሕጉ የመናገር ነፃነትን ይነካል ብሎ ጣለው። በ2013 ሌላ አወጡ፤ እሱ የሚቀጣው ገንዘብ ወይም ጥቅም ለማግኘት የዋሸውን ነው። ትክክለኛው መስመር እሱ ይመስለኛል። በሰርግ ላይ የኮራ ሽማግሌና የሟች ጓዱን ስም ይዞ ጡረታ የሚበላ ሰው አንድ አይደሉም። ስለኛ አገር ሕግ ጠበቃ ጠይቁ።

ኤረር በር፦ ግን የደርግ ሜዳይ ደግሞ ምን ክብር አለው? እርስ በርስ ያዋጋን መንግሥት...

ሸዋ በር፦ ካራማራ የእርስ በርስ ነበር? ሐረር በከበባ ስትራብ ማን ደረሰልህ?

ኤረር በር፦ ስለ ካራማራ አላልኩም፣ ስለ ሰሜኑ ነው የማወራው።

መልስ፦ ሁለታችሁም አቁሙ። ይህን ክርክር ቡና ላይ ቀጥሉት።

ታይዋን፦ ግን ጋሼ፣ አንድ ሽማግሌ ቢዋሽ ማንን ይጎዳል? ይኩራ ይተው።

መልስ፦ ማንን እንደሚጎዳ ልንገርህ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ሰው በባዶ እግሩ ነው ወደየቤቱ የገባው። መታወቂያውን የቀደደ አለ። ሜዳዩን የቀበረ አለ። አንድ አብሮኝ የነበረ ሃምሳ አለቃ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ላይ ሜዳዩን በዳቦ ለወጠ። ስንት ዳቦ እንደሆነ ጠይቄው አያውቅም። ከዚያ ሃያ ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ኖረ። ካራማራ ላይ የግራ እጁ ሁለት ጣት ተቆርጧል። አንድ ቀን የድል በዓል ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ልጅ "አባት፣ ሜዳይ ያላቸው ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ" አለው። ወደ ፊት ሳይ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያ የማውቀው ሰው ተቀምጧል፤ ያ ኮሪያ ተማርኬ ነበር ያለኝ። ጓደኛዬ ጣቶቹን ኪሱ ከቶ ኋላ ተቀመጠ። እኔም አብሬው ኋላ ተቀመጥኩ። በዓሉ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሱን ነው የሚጎዳው።

ለዚህ ነው ፎቶ አትለጥፉ የምለው። ሐሰተኛ አገኘሁ ብላችሁ የምታዋርዱት ሰው ያ ጓደኛዬ ሊሆን ይችላል። ሜዳይ የለውም፣ ወረቀት የለውም፣ ቀን ይሳሳታል።

ሳቢያን፦ እና ሰርጉ ላይ የነበረውን ሰውዬ ምን እናድርገው?

መልስ፦ ለብቻው አግኙት። ሻይ ጋብዙት። "አባቴ፣ የየትኛው ጦር ነበርክ? የመቶ አዛዥህ ማን ነበር?" በሉት። ካልነበረ ራሱ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ሰርግ ሳያደርገው ይመጣል። እኔ እንዲህ ካናገርኳቸው አንዱ ሜዳዩን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። እስካሁን እኔ ጋ ነው። ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ ባለቤቱን እየፈለግኩ ነው።

ስሜን አልጽፍም፦ አያቴ 86 ዓመቱ ነው። ሐረር ነው ያለው። ወታደር ነበር ይላሉ እንጂ እሱ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ሜዳይም ፎቶም የለም። በምን ልጀምረው?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ውጊያ አትጠይቂው። ምግብ ምን ትበሉ ነበር በይው። ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር በይው። ከምሽግ ማን ያስቅህ ነበር በይው። ያለውን በደብተር ጻፊ፣ የሰው ስም ከጠራ በተለይ እሱን አትዝለይው። ስልክ አትደቅኚበት፤ ዝም ይላል። ማለዳ ጠይቂው፣ ቡናው ሲፈላ፤ በዚያ ሰዓት ነው የሚያስታውሱት። የጦሩን ስም ካወጣልሽ ጻፊልኝ። ከ3ኛ ክፍለ ጦር ከሆነ የሚያውቀው ሰው አላጣም።