ልጄ በሱስ ፍርድ ቤት ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? የቤተሰብ ጥያቄዎችና መልሶች

በአሜሪካ «ድራግ ኮርት» (የሱስ ፍርድ ቤት) የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1989 ማያሚ ላይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ስቴቶች ተስፋፋ። በሱስ ሰበብ የተከሰሰ ሰው እስር ቤት በመግባት ፈንታ እየታከመ፣ ሽንቱን እየተመረመረና ዳኛ ፊት እየቀረበ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ወር ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቤተሰብ ግራ መጋባቱ አይቀርም። ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን እነሆ።

«ልጄ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ሕክምና ማዕከሉ ደውዬ ‹ይመጣል ወይ?› ብል ‹እኛ ጋ መታከሙን እንኳ ልንነግርዎት አንችልም› አሉኝ። እናቱ አይደለሁም ወይ?»

እናቱ ነዎት፤ ግን የሱስ ሕክምና መረጃ ከሌላው ሕክምና በጠበቀ የፌዴራል ሕግ የተሸፈነ ነው። ልጅዎ 18 ዓመት ካለፈው ያለ ፊርማው ምንም አይነግሩዎትም። ስለዚህ ልጅዎ አማካሪው ጋ ሆኖ የፈቃድ ቅጽ ይሙላ። ቅጹ ላይ የእርስዎ ስም፣ ምን ምን እንደሚነገርዎትና ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ ይጻፋል። «ሁሉንም» ብሎ እንዲፈርም ግን አይጫኑት። በቀጠሮው መገኘቱ፣ ሕክምናው የደረሰበት ደረጃና ድንገተኛ ነገር ሲፈጠር እንዲደወልልዎት፣ ሦስቱ ይበቃሉ። የተናገረው ሁሉ እናቱ ጆሮ እንደሚደርስ ያወቀ ልጅ ለአማካሪው እውነቱን መናገር ያቆማል።

እስከዚያ እርስዎ ያዩትን ለማዕከሉ መናገር ይችላሉ፤ መመለስ ባይችሉም ከመስማት የሚከለክላቸው የለም። ችሎቱም ብዙ ጊዜ ለሰው ክፍት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ስለሚቀርብ ሄደው ከኋላ ይቀመጡ። ምንም ባይናገሩ እንኳ መገኘትዎን ዳኛውም ልጅዎም ያያሉ።

«ባለቤቴ በየጠዋቱ ለፕሮግራሙ ስልክ ይደውልና ለእሱ የተመደበለት ቀለም የዕለቱ ተመርማሪ ሆኖ ከተጠራ ሽንት ሊሰጥ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ሳይሄድ ቀረ። አሁን ‹ታሞ ነበር ብለሽ ለፕሮቤሽን ኦፊሰሩ (ለሚከታተለኝ ተቆጣጣሪ) ንገሪልኝ› ይለኛል።»

እህቴ፣ አትንገሪለት። ያልተሰጠ ሽንት በብዙ ፍርድ ቤቶች ዕፅ እንደተገኘበት ይቆጠራል፤ ቢሆንም ራሱ ሄዶ ለተናገረ ሰው ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ውሸት ሲደረስበት ግን ነገሩ ከመቅረቱም ይብሳል፤ ቀጥሎ አንቺ እውነት ብትናገሪም የሚያምንሽ አይኖርም። «አልዋሽልህም፤ አንተ ስትደውል ግን አጠገብህ እቀመጣለሁ» በይው።

ሳትዋሺ የምትረጂው ብዙ ነገር አለ። ለመደወያው ሰዓት ሁለት አላርም ሙሉ፤ አንዱ በእሱ፣ አንዱ ባንቺ ስልክ ይሁን። ጨንቆት አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ጠጥቶ እንዳይሄድ። ሽንቱ ቀጥኖ ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት በሽንት የሚያስወግደው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ናሙናው «የቀጠነ» ይባላል፤ አንዳንድ ፍርድ ቤት ይህን እንደ ማታለል ያየዋል። ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን ፈትሺ። ኢቲጂ የሚባለው ምርመራ አልኮልን እስከ ሦስት ቀን ገደማ ስለሚያገኝ፣ አልኮል ያለበት አፍ መጉመጥመጫ፣ የሳል ሽሮፕና የእጅ ማጽጃ ችግር ሊያመጡ ይችላሉ። አልኮል የሌለበትን ግዢ። ለበዓል የተጠመቀ ጠላም ቢሆን አልኮል ነው፤ «አንዲት ብርጭቆ ምን አላት?» የሚል ዘመድ ካለ አስቀድመሽ ንገሪው። ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝለት ደግሞ ከመዋጡ በፊት ማዘዣውን ለፕሮግራሙ ያሳይ።

«ወንድሜ ሰቦክሶን ይወስዳል። አባታችን ‹ሱስ በሱስ ነው የተተካው፤ ይተውና ይዳን› ይላል።»

ይህን አጥብቄ እለምንሃለሁ፤ በቤተሰብ ግፊት እንዳያቆመው። ሰቦክሶን ውስጥ ያለው ቡፕረኖርፊንም ሆነ ሜታዶን የኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይንና ፈንታኒል ያሉ ዕፆች) ሱስ ሕክምና ነው፤ ፍላጎቱን ያበርዳል፣ የሞት አደጋውንም ይቀንሳል። መድኃኒቱን አቁሞ ያገረሸበት ሰው ሰውነቱ ዕፁን መቋቋም ስለተወ የዱሮው መጠን ሊገድለው ይችላል። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው በአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደሚጠበቅ ገልጿል። ፍርድ ቤቱ «አቁም» ካለው ጠበቃው ይህን ያንሳ።

ቤት ውስጥ ናርካን (ከመጠን ያለፈ ኦፒዮይድን የሚያከሽፍ፣ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት) አስቀምጡ፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ፓኬቱ ውስጥ ሁለት አለ፤ እያንዳንዱ 4 ሚሊግራም ነው፣ የሚሠራውም አንዴ ብቻ ነው። «ይሠራ ይሆን?» ብሎ አስቀድሞ የሚጫነው ሰው መድኃኒቱን ያባክነዋል። ሰውየው ካልነቃና ትንፋሹ ከደከመ 911 ደውሉ፤ በጀርባው አስተኝታችሁ አንዱን በአንድ አፍንጫው ንፉ፤ ከዚያ በጎኑ አዙሩት። በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ። ቢነቃም ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ የናርካን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ሲያልቅ ዕፁ መልሶ ሊጥለው ይችላል።

«እህቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት። ‹ጥፋተኛ ነኝ በይ፣ ስትጨርሺ ክሱ ይሰረዛል› ተብላለች። ትፈርም?»

የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው አትፈርም። ጥፋቷን አምና የሆነ ገደብ ከተጣለባት፣ ስቴቱ ኋላ ክሱን ቢሰርዘውም በኢሚግሬሽን ሕግ እንደተፈረደባት ሊቆጠር ይችላል፤ የዕፅ ጥፋት ደግሞ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ጥፋተኝነትን ሳያምኑ የሚገባበት ፕሮግራም ካለ ጠበቃዋ እሱን ይጠይቅላት። እ.ኤ.አ. በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው መንገር ግዴታው መሆኑን ወስኗል። ጫትም በአሜሪካ እንደ ዕፅ እንደሚቆጠር አትዘንጉ፤ ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር፣ በጣም ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች ምድብ (ሼዱል አንድ) ነው።

«እንግሊዝኛ አልችልም። ከአማካሪው ጋር የቤተሰብ ውይይት ሲኖር የ12 ዓመት ልጄ ታስተረጉምልኛለች።»

እሷን አያስገቡ። የወንድሟን ማገርሸት በራሷ አፍ ለእናቷ መንገር ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ ደግሞም እርስዎ እንዳያዝኑ ብላ የምትዘልለው ነገር ይኖራል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ፍርድ ቤቶችና ማዕከሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመው «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ፤ በአካል የሚመጣ ካልተገኘ በስልክ ይደረጋል።