ከሀገር ስትወጡ ዳታ ኪስ እንዳያራቁት፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

ድሬ ታይዋን ገበያ ስልክ እጠግናለሁ፣ እሸጣለሁም። ለዕቃ ጅቡቲና ዱባይ ስለምመላለስ የሲም ነገር ሁሌም ከእጄ አይጠፋም። ለዕረፍት፣ ለዑምራም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ የምትወጡ፣ ዛሬ ከሰዓት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አቋሜን ግን አስቀድሜ ልናገር። የሀገር ቤት ሲማችሁ ውጭ የሚያገለግላችሁ ኤስኤምኤስ ለመቀበል ነው። ዳታ የሚገዛው እዚያው የሄዳችሁበት ሀገር ነው፤ እሱም ኤርፖርት ሳይሆን ከተማ ውስጥ ካለ የቴሌ ሱቅ። ከዚህ የምወጣው ምክንያት ሲኖረኝ ብቻ ነው።

በባቡር ጅቡቲ ልሄድ ነው። እዚያ ኔት እንዴት ነው? (ከሳቢያን)

አቦ፣ ጅቡቲ ላይ ብዙ ምርጫ አትጠብቅ። አገልግሎት ሰጪው አንድ ነው፤ ጅቡቲ ቴሌኮም። ሻጩ አንድ ሲሆን ዋጋ እንዴት እንደሚሆን መቼም ለድሬ ልጅ አይነገርም። እንደዚያም ሆኖ ከሮሚንግ ዳታ፣ ማለትም የሀገር ቤት ሲምህን ውጭ ላይ ከመጠቀም፣ ይሻላል። ፓስፖርትህን ይዘህ ቢሯቸው ግባና ሲም አውጣ፤ ከዚያ አጭር ቀን የሚቆይ ፓኬጅ ግዛ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ስለሆነ ሂሳቡን እዚያው በጭንቅላትህ ትሠራዋለህ።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ከከተማው በፊት ነው። ባቡሩ ድንበር ላይ ያለችውን ደወሌን ሲጠጋ ስልክህ ራሱ የጅቡቲን ኔትወርክ ይይዛል። ሮሚንግ ያስከፈትክ ከሆነና የዳታ ሮሚንግ ማብሪያው ክፍት ከሆነ አሊ ሳቢህ ሳትደርስ ሂሳብህ ሊያልቅ ይችላል። አንተ ተኝተህ እንኳ ቴሌግራም ቪዲዮ ያወርዳል። ስለዚህ ደወሌ ሳትደርስ ዝጋው።

ሌላም አለ። የናጋድ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ስትወርድ ሲም የለህም፣ ታክሲው ግን ይጠብቅሃል። ከቤትህ ዋይፋይ ላይ ሳለህ የጅቡቲን ካርታ ጉግል ማፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርደው። የፈረንሳይኛውን ትርጉምም ጨምር። ሱማሌኛ ከቻልክ ግን ትርጉሙን ተወው፣ አያስፈልግህም።

ስልኬ ኢሲም ይቀበል እንደሆነ በምን አውቃለሁ? (የከዚራዋ)

ኢሲም ማለት ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም ነው። *#06# ደውዪ። ከሚመጡት ቁጥሮች መሃል ኢአይዲ (EID) የሚል ረጅም ቁጥር ካለ ይቀበላል። አይፎን ከሆነ ከኤክስአርና ኤክስኤስ ጀምሮ ያሉት ይሠራሉ። ግን ልብ በይ፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩት አብዛኞቹ አይፎኖች ሁለት የካርድ ማስገቢያ አላቸው እንጂ ኢሲም የላቸውም። እንዲህ ያለው ስልክ ደግሞ እኛም ሰፈር ይሸጣል። "ሁለት ሲም ይወስዳል" ተብለሽ በደስታ ከገዛሽው፣ ምክንያቱ ይኼው ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ስልክ ከሆነ ደግሞ ሎክ፣ ማለትም ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ፣ መሆኑን እዪ። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ስለ ሲም ገደብ የሚናገር መስመር አለ። ገደብ የለም ካላለ፣ የውጭ ሀገር ሲምም ሆነ ኢሲም አይነሳልሽም።

ኢሲም ኦንላይን ልገዛ ስል ቪዛ ካርድ ይለኛል። ምን ላድርግ? (ከሐረር)

የብዙዎቻችን ችግር ይኼ ነው። ፈረንጆቹ ስለ ኢሲም ሲያወሩ ካርድ እንደ አየር የትም ያለ ይመስላቸዋል። በብር የሚሠራው ተራ የኤቲኤም ካርድህ እዚያ አይሠራም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ለጉዞ የውጭ ምንዛሪ ስትጠይቅ ባንክህን በጥሬ ብቻ ሳይሆን ዓለም አቀፍ ካርድ ላይ እንዲሞላልህ ጠይቀው። ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘህ ሂድ። ሁለተኛው፣ ውጭ ያለ ዘመድ ይግዛልህና የኪውአር ኮዱን ፎቶ ይላክልህ። አንተ ኮዱን በሌላ ስልክ ከፍተህ በራስህ ስልክ ስካን ታደርገዋለህ።

ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ፣ ለአንድ ስልክ ነው። "እስቲ ይሠራ እንደሆን ልሞክር" ብለህ በጓደኛህ ስልክ ስካን ካደረግከው አለቀ። ሲጫን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ከቤት ሳትወጣ በዋይፋይ ጫነው። ቀኑ መቼ መቆጠር እንደሚጀምርም አንብብ። አንዳንዱ ስትጭነው ይጀምራል፣ አንዳንዱ እዚያ ሀገር ኔትወርክ ሲይዝ።

ልጄ፣ ለዑምራ ልሄድ ነው። ቴክኖሎጂ ብዙም አይሆንልኝም። ምን ትመክረኛለህ? (ከጀጎል)

እናቴ፣ አላህ ይቀበልዎት። ለእርስዎ ኢሲም አልመክርም። ጅዳ ኤርፖርት እንደወረዱ የኤስቲሲ፣ የሞባይሊ ወይም የዜን ሱቅ ያገኛሉ። ለሌላው ሰው ከኤርፖርት አትግዛ የምለውን ለእርስዎ አነሳለሁ። ትንሽ ቢወደድም ሻጩ ካርዱን ራሱ ከትቶ፣ ሠርቶ፣ ደውሎ ያስረክብዎታል። ፓስፖርትና የጣት አሻራ ይጠይቃሉ። በሥራ ብዛት አሻራ ስለሚደበዝዝ ማሽኑ አላነብም ሊል ይችላል። አይደንግጡ፣ ሌላ ጣት ይሞክሩ።

ዳታው ለወሬ ብቻ አይደለም። መዲና ረውዳ ለመግባት ፈቃድ የሚያዘው ኑሱክ በሚባለው አፕ ነው። ከመሄድዎ በፊት ልጆችዎ እዚህ ይጫኑልዎት፣ አካውንቱንም ይክፈቱልዎት። የኢትዮጵያውን ሲም ደግሞ ወልቆ እንዳይጠፋ መሀረብ ውስጥ አይቋጥሩት። ትንሽ ወረቀት ላይ በፕላስተር ለጥፈው ፓስፖርቱ መሃል ያስቀምጡት።

ዱባይ ዋትስአፕ አያስደውልም የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኢምሬትስ ውስጥ መልእክት፣ ፎቶና የተቀዳ ድምፅ ይሄዳል። የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ግን ዝግ ነው። ሲምህ የኢቲሳላት ሆነ የዱ ለውጥ የለውም፣ የሆቴል ዋይፋይም አያድንህም። ሰው የሚጠቀመው ቦቲም የሚባለውን የጥሪ አፕ ነው። ቤተሰቦችህም ስለሚያስፈልጋቸው ድሬ እያለህ ስልካቸው ላይ ጫንላቸው።

"ቪፒኤን አብርተህ ደውል" የሚልህ ጓደኛ አይጠፋም። የሀገሩ ሕግ ቪፒኤንን ለወንጀል መጠቀምን ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ያስቀጣል። ለአንድ ጥሪ ብዬ እዚያ ውስጥ አልገባም።

የውጭ ሲም ካስገባሁ የባንክና የቴሌብር ኮድ እንዴት ይደርሰኛል? ዋትስአፔስ ይዘጋል?

ዋትስአፕም ቴሌግራምም አይዘጉም። "ቁጥር ልቀይር?" ሲልህ አይ በለውና በድሮው ቁጥርህ ቀጥል። የባንኩ ኮድ ግን የሚመጣው በኤስኤምኤስ ስለሆነ የሀገር ቤቱ ሲም ስልኩ ውስጥ መኖር አለበት፤ ሮሚንግም የተከፈተለት መሆን አለበት። ሮሚንግ ከሄድክ በኋላ ማስከፈት ራስ ምታት ነው። ሳትወጣ 994 ደውለህ ወይም ቢሮ ሄደህ ጨርስ። ሁለት ሲም የሚወስድ ስልክ ካለህ የሀገሩን ለዳታ፣ የኛን ለኤስኤምኤስ አድርገው፣ የኛን ዳታ ሮሚንግ ዝጋ። ስልክ ሲደወልልህ ግን አታንሳ። ሮሚንግ ላይ ተቀባዩም ይከፍላል።

ለ2 ሳምንት ስንት ጂቢ ይበቃኛል?

ቲክቶክ ታያለህ? መልሱ እዚያ ላይ ነው ያለው። ለመልእክት፣ ለካርታና በቀን ለአንድ ሁለት የድምፅ ጥሪ 3 ጂቢ ይበቃሃል። የቪዲዮ ጥሪ በግምት በ1 ደቂቃ 5 ሜጋባይት ይበላል። ቲክቶክና ዩቲዩብ ግን በ1 ሰዓት ከግማሽ ጂቢ በላይ ይወስዳሉ፣ ጥራቱን ከፍ ካደረግክ ደግሞ እጥፍና ከዚያም በላይ። ከዚህ የባሰው የማታየው ፍጆታ ነው። የፎቶ ባክአፕን በዋይፋይ ብቻ አድርገው። ዋትስአፕና ቴሌግራም ራሳቸው እንዳያወርዱ ዝጋቸው። ሠርግ ላይ 400 ፎቶ አንስተህ ስልክህ በዳታ ወደ ላይ ሲጭን ካደረ፣ ጠዋት ጥያቄው "ሲሙ ተበላሸ እንዴ?" ይሆናል።

ኢስታንቡልስ?

ኤርፖርት ያለው የቱሪስት ሲም ውድ ነው፣ ከተማ ግባ። በቱርክ ሲም የውጭ ስልክ የሚሠራው ለ120 ቀን ነው። ከዚያ በላይ ከቆየህ ስልኩን ማስመዝገብ ግድ ነው፣ ክፍያውም ከርካሽ ስልክ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለአጭር ዕረፍት አያሳስብህም። ኢሲም ካሰብክ ግን ከዚህ ጭነህ ሂድ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የበርካታ ኢሲም ሻጮች ድረ ገጽ እዚያ ተዘግቷል።

ሐርጌሳ?

ቴሌሶም ወይም ሶምቴል። ዳታው ርካሽ ነው፣ አትጨነቅ። በቶጎ ውጫሌ በኩል የምትገባ ከሆነ ድንበር ላይ ከሚያዋክብህ ደላላ አትግዛ፤ ከተማ ስትገባ ትገዛለህ።

አውሮፓ 3 ሀገር ልዞር ነው። 3 ሲም ልግዛ?

አንድ ይበቃሻል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የአንዱ ሀገር ሲም በሌላውም በሀገሩ ዋጋ ይሠራል። ስዊዘርላንድና እንግሊዝ ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። የጣሊያን ሲም ይዘሽ ጄኔቭ ያለችውን አክስትሽን ልትጠይቂ ከሄድሽ፣ ድንበሩ ላይ ዳታውን አጥፊው።

እህቴ ከአሜሪካ ድሬ ልትመጣ ነው። አይፎኗ ሲም ማስገቢያ የለውም!

ከአይፎን 14 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጡት ማስገቢያ የላቸውም። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም ስለሚሰጥ ፓስፖርቷን ይዛ ቢሮ ትሂድ። ስልኩ ግን ሎክ መሆን የለበትም። እዚያ በየወሩ እየከፈለችበት ያለ ስልክ ብዙውን ጊዜ ሎክ ነው፣ ሳትነሳ ታጣራ። ሎክ ከሆነ ቤት ካለው ትርፍ አንድሮይድ ላይ ተራ ሲም አስገቡና ሆትስፖት ትጠቀም። ሌላ አማራጭ ከፈለገች ሳፋሪኮምም አለ። መቼም ኢትዮጵያ ውስጥ ሙከራውን በነሐሴ 2014 የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፣ ሸገሮች ከኛ በኋላ ነው የቀመሱት።

ሦስት ጓደኛሞች ዱባይ ልንሄድ ነው። አንድ ሲም ገዝተን በሆትስፖት ብንካፈልስ?

ይቻላል፣ በወጪም ያዋጣል። ፓኬጁ ሆትስፖት የሚፈቅድ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ከሆነ አፕዴቱን አቁሙት፣ አንድ ሌሊት ውስጥ ሁሉንም ሊጨርሰው ይችላል። ባትሪ ስለሚበላ ፓወር ባንክም ያዙ። ሲሙን ማን ይያዝ የሚለውን ግን እዚሁ ወስኑ። ባለ ሲሙ ዴይራ ገበያ ውስጥ ከጠፋ ሁለታችሁ ደውላችሁ እንኳ አትፈልጉትም።