ወንዝ ዳር ያለው ባለ ቆመጥ ጭራ ይረጭ ወይ?

ጥያቄ፦ ከፎገራ ነኝ። ሽንኩርቴን ከጉማራ ወንዝ በሞተር አጠጣለሁ። ሰሞኑን ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ የደረቀ የነፍሳት ቅርፊት በዝቷል። ጭራው ረጅም፣ አራት ክንፍ ያለው ቢጫና ጥቁር ነገርም ይበራል። ልጆቹ ይናደፋል ብለው ፈርተዋል። ለሽንኩርቱ ከበጠበጥኩት መድኃኒት ዳር ዳሩን ልርጭበት?

መልስ፦ ኧረ ይተዉ ጋሼ! ያዩት የውሃ ተርብ ነው፤ ድራጎንፍላይ የሚሉት። ስሙ ተርብ ይሁን እንጂ መንደፊያ የለውም። ቅጠልም አይበላም።

የጭራው ጫፍ ወፈር ብሎ ቆመጥ ከመሰለ ዓይኑን ልብ ይበሉ። የብዙዎቹ የውሃ ተርቦች ዓይን አናታቸው ላይ ይገጥማል። የባለ ቆመጥ ጭራው ግን የተራራቀ ነው። ከዚህ ወገን ኖቶጎምፈስ ሩፔሊ የሚባለው ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም።

ቅርፊቱ የልጅነት ልብሱ ነው። ልጅነቱን ውሃ ውስጥ፣ አሸዋና ደለል ውስጥ ተቀብሮ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ከዓመት በላይ። የሚተነፍሰው በቂጡ ነው (አይሳቁ፣ የምሬን ነው)። ለዚህም የጭራውን ጫፍ ከደለሉ ብቅ ያደርጋል። ትል ቢጤ ሲያልፍ የታችኛው ከንፈሩ እንደ ክንድ ተወርውሮ ይይዘዋል። ከብት ውሃ ሲጠጣ እንደ አልቅት አይጣበቅም። ክንፍ ሲያወጣ ደግሞ ትንኝና ዝንብ እያደነ ይበላል።

ሽንኩርትዎን ከትሪፕስ (የቅጠሉን ጭማቂ ከሚመጠው ደቃቅ ተባይ) ያድናል ግን አልልዎትም። ትሪፕስ የቅጠሉ ብብት ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚኖረው። ቅጠሉን ፈልቀቅ አድርገው ይዩ፤ ካገኙት ማሳው ላይ ብቻ ይርጩ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ የጀርባ መርጫዎን የት ነው የሚያጥቡት? ብዙ ሰው ታንኩን እዚያው ወንዝ ውስጥ ነክሮ ሲያለቀልቅ አያለሁ። መድኃኒቱ ደለሉ ላይ ይቀመጣል፤ የውሃ ተርቡ ልጅ ደግሞ ቤቱ ደለል ነው። ጉማራ መድረሻው ጣና ነው፣ በክረምትም የጣና ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ይወጣበታል። ስለዚህ ውሃውን በባልዲ ቀድተው ከወንዙ ራቅ ብለው ይበጥብጡ። መርጫውን ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን እዚያው የረጩት ማሳ ላይ ይድፉት።

ልጆቹን ጠዋት ይዘዋቸው ይውረዱ። ከቅርፊቱ ገና የወጣ ካጋጠማችሁ ክንፉ እስኪደርቅ አትንኩት።