ትምህርት ቤት ሲገባ ድምፁ ስለሚጠፋው ልጅሽ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 7 ዓመቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ከመጣችሁ 4 ወር ሆኗችኋል፣ እቤት እንደ ድሮው ሲለፈልፍ ይውላል፣ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቃል አይወጣውም፣ አስተማሪዋም ይመርመር ብላለች።

በመጀመሪያ ተረጋጊ። የኔዋ ስንመጣ 6 ዓመቷ ነበር፣ ከመስከረም እስከ ጥር ድምጿን የሰማ አስተማሪ የለም። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ብዙ ጊዜ ለወራት ሲሰማ ቆይቶ ነው አፉን የሚፈታው።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በየቀኑ ሱሪዋን አርጥባ ትመጣለች። እቤት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ተቆጣኋት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለካ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ መጠየቁን አታውቅበትም፣ ምሳም ውሃም የማትነካው ለዚሁ ነበር። ለአስተማሪዋ ስነግራት በዚያው ቀን የሽንት ቤት ሥዕል ያለበት ትንሽ ካርድ ሠርታ ዴስኳ ላይ ለጠፈችላት። ካርዱን ነካ አድርጋ መውጣት ብቻ ነው። በሳምንቱ ሱሪዋ ደረቀ፣ ምሳ ዕቃዋም ባዶውን መምጣት ጀመረ።

ዓይኑንም ንገሪያቸው። እኛ ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ አቀርቅሪ ብለን ነው ያሳደግናት፣ አስተማሪዋ ግን "ሳናግራት አታየኝም" ብላ ጽፋብን ነበር። ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል?

ስብሰባ ሲጠሩሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ትልቁን ልጅሽን እንዳታስተረጉሚ፣ ስለ ወንድሙ የሚባለውን ሁሉ እሱ መሸከም የለበትም። ልዩ ድጋፍ ያስፈልገው እንደሆነ የሚያዩበት ምርመራ ያለ አንቺ ፊርማ አይጀመርም። አትፍሪው፣ ግን ከመፈረምሽ በፊት በአማርኛም እንዲፈተን ጠይቂ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ከፈተኑት ያስቸገረው ቋንቋው ይሁን ትምህርቱ በምን ይለያል? እንግሊዝኛው እየገባውም ዝምታው ከቀጠለ ደግሞ "ያድጋል፣ ይተወዋል" የሚሉሽን አትስሚ፣ አንቺው ራስሽ ይታይልኝ በይ።

እቤት አማርኛውን እንዳታቋርጪበት። የሚያወራበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ጓደኛም ፈልጊለት። የኔዋ መጀመሪያ የተግባባችው ከኤል ሳልቫዶር ከመጣች ልጅ ጋር ነው፣ ሁለቱም እንግሊዝኛ አይችሉም። ቅዳሜ እቤት እየጠራን አጫወትናቸው፣ ክፍል ውስጥም ጎን ለጎን እንዲያስቀምጡልን ለመንኩ። የካቲት ላይ አስተማሪዋ ደወለችልኝ። የጓደኛዋን እርሳስ የወሰደውን ልጅ በእንግሊዝኛ "የሷ ነው፣ መልስ!" ብላዋለች።