ስለ ቪፒኤስ ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ

ድረ ገጻችሁን ከጋራ ሆስቲንግ ወደ ቪፒኤስ ልታዛውሩ አስባችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ጠይቁ። ሰርቨር ማስተዳደር የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ቀላል ጥያቄ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ ከሥሩ ጀምርልኝ። ቪፒኤስ ምንድነው?

መልስ፦ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አስብ። ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሶፍትዌር ይህን ኮምፒውተር ለብዙ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ራም፣ ዲስክና ብዙውን ጊዜ የራሱ አይፒ አድራሻ አለው። ያንተ ድርሻ ቪፒኤስ ይባላል። ጋራ ሆስቲንግ ላይ ግን ብዙ ድረ ገጾች በአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ የትኛው የፒኤችፒ (ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ) ስሪት እንደሚጫን፣ ምን እንደሚከለከል የሚወስነው አከራዩ፣ ማለትም ሰርቨሩን የሚያከራይህ ድርጅት ነው። ቪፒኤስ ላይ ወሳኙ አንተ ነህ። ሲበላሽም የምትጠግነው አንተ ነህ፤ ይህችን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከገዛ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጎረቤቴ ማሽኑን ቢያጨናንቀው እኔን አይነካኝም?

መልስ፦ ሊነካህ ይችላል። ሲፒዩው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቶፕ (top) የሚለውን ትእዛዝ ስጥና የሲፒዩው መስመር መጨረሻ ላይ ያለችውን "ኤስቲ" (st) የምትል ቁጥር እይ። ዜሮ አካባቢ ከሆነች ሰላም ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሆና ከዋለች ግን ቪፒኤስህ ሲፒዩ ፈልጎ ወረፋ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ ለአከራዩ ላክና ሌላ ማሽን ላይ እንዲያዛውሩህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ድረ ገጼ በጣም ይንቀራፈፋል። ቪፒኤስ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ምክንያቱን እወቅ። ብራውዘርህ ላይ የዴቨሎፐር መሣሪያውን ክፈትና የኔትወርኩን ገጽ እይ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ 2 ወይም 3 ሰከንድ ከወሰደ ችግሩ ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙ ወይም ፕለጊኖችህ (ድረ ገጹ ላይ የጫንካቸው ተጨማሪዎች) ጋ ነው። መልሱ ቶሎ መጥቶ ገጹ የሚዘገየው ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምስሎችህ ነው። 4 ሜጋ ባይት የሆነ ፎቶ የትም ብትወስደው 4 ሜጋ ባይት ነው።

ጥያቄ፦ ለዎርድፕረስ 1 ጊጋ ራም ይበቃል?

መልስ፦ ጎብኚው ጥቂት ከሆነና ካሽ (የተዘጋጀ ገጽ አስቀምጦ ደጋግሞ የሚሰጥ ዘዴ) ካለህ ያዘልቃል፤ እኔ ግን 2 ጊጋ እመርጣለሁ። ምክንያቱን በስሌት ላሳይህ። አንድ የፒኤችፒ ሂደት 60 ሜጋ ባይት ይበላል እንበል። 20 ሂደት በአንዴ እንዲነሳ ከፈቀድክ 1200 ሜጋ ባይት ሆነ፤ ዳታቤዙ ገና አልተቆጠረም። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ብዙ የያዘውን ሂደት መርጦ ይገድለዋል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል ነው። ጎብኚው የሚያየው "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም" የሚል ነጭ ገጽ ነው፤ ሰውም ዳታቤዙ ተበላሸ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲባዝን ያድራል። የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ፣ ማለትም የክንውን መዝገብ፣ ቢያይ የተገደለው ሂደት ስም እዚያው ተጽፎ ያገኘዋል። የፒኤችፒ ሂደቶቹን ቁጥር በራምህ ልክ ገድብ፣ ትንሽ ስዋፕም (ራም ሲያጥር የሚያግዝ የዲስክ ቦታ) ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ገዝቼ ገባሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከበሩ ጀምር። አዲስ ሰርቨር ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ቦቶች የይለፍ ቃል መሞከር ይጀምራሉ፤ ሎጉን ስታይ ትደነግጣለህ፣ ግን የተለመደ ነው። ሲስተሙን አዘምን፣ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት የምታዝበት መንገድ) ቁልፍ ግባ፣ በይለፍ ቃል መግባትን ዝጋ፣ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 22 (ለኤስኤስኤች)፣ 80 እና 443 (ለድረ ገጹ) ብቻ ክፍት ይሁኑ። አደራህን፣ ፋየርዎሉን ከማብራትህ በፊት 22ን ፍቀድ። የተከፈተውን መስኮት ሳትዘጋ በሌላ መስኮት መግባትህንም አረጋግጥ። ራስህን ውጭ ከቆለፍክ የአከራዩ ድረ ገጽ ላይ ያለው ኮንሶል ነው የሚያስገባህ።

ጥያቄ፦ እኔ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ነክቼ አላውቅም። ለኔ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆንሻል፣ እህቴ። ማኔጅድ የሚባለውን፣ አከራዩ የሚያስተዳድርልሽን ውሰጂ። ግን ከመክፈልሽ በፊት ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ጠይቂያቸው፦ ሲስተሙን ብቻ ነው የሚያዘምኑት ወይስ ዎርድፕረሱንም? ሌሊት ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? ቃሉ አንድ ቢሆንም አገልግሎቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ኢሜይሌንም እዚያው ላድርገው?

መልስ፦ አትሞክረው። ብዙ አከራዮች ፖርት 25ን፣ ኢሜይል የሚላክበትን በር፣ ይዘጋሉ፤ ቢከፈትልህም አይፒህ አዲስ ስለሆነ ደብዳቤህ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለኢሜይል ሌላ አገልግሎት ተጠቀም።

ጥያቄ፦ አከራዩ በየቀኑ ስናፕሾት ያነሳልኛል። ሌላ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስናፕሾቱ፣ ማለትም የሰርቨርህ የዕለቱ ቅጂ፣ ያለው እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱ ቢታገድ ወይም ቢሰረቅ ሰርቨሩም ስናፕሾቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ቅጂ ፈጽሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። የራሴን ልንገርህ። አንድ ጊዜ ዳታቤዙን በየሌሊቱ የሚገለብጥና የሚጨምቅ ስክሪፕት ጽፌ ነበር። ለሳምንታት ፋይሎቹ በየቀናቸው ተደርድረው አያለሁ፣ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አንድ ሰንጠረዥ ተሰረዘና ባክአፑን ልከፍት ስል እያንዳንዱ ፋይል 20 ባይት ብቻ! የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ቀይሬ ስክሪፕቱ ውስጥ ሳልቀይረው ቀርቻለሁ፤ መጭመቂያው ጂዚፕ ባዶውን እየጨመቀ በየሌሊቱ ያስቀምጥልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፋይሉን መጠን የሚያይ መስመር አልተውም፣ በወር አንዴም ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ ከፍቼ አያለሁ።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹ ሳይቋረጥ እንዴት ላዛውረው?

መልስ፦ ከአንድ ቀን በፊት የዲኤንኤሱን (የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ የሚመራው መዝገብ) ቲቲኤል፣ ማለትም አሮጌው አድራሻ የሚታወስበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርደው። ፋይሉንና ዳታቤዙን ገልብጥ፣ ከዚያ የራስህ ኮምፒውተር ሆስትስ ፋይል ላይ አዲሱን አይፒ ጽፈህ ድረ ገጹን ፈትሽ፤ አዲሱን የምታየው አንተ ብቻ ነህ። ሲያስተማምንህ የዲኤንኤሱን መዝገብ ቀይር። የግዢ ትእዛዝ የምትቀበልበት ድረ ገጽ ከሆነ በዝውውሩ ሰዓት አሮጌውን ለጥገና ዝጋው፣ አለዚያ አንዳንዱ ትእዛዝ እዚያ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹን https የሚያደርገውን የኤስኤስኤል ሰርተፊኬትስ ልግዛ?

መልስ፦ ለተለመደ ድረ ገጽ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጥሃል። ጊዜው አጭር ስለሆነ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም በራሱ እንዲያድሰው አድርግ፤ ማደሱንም በሙከራ ትእዛዙ ዛሬውኑ ፈትሽ።